የጫጉላው ደጅ

ባንቺዓለም ላሊበላ ከገባች ብዙም ሳትቆይ ስሟን ተቀማች። ገበያ ስትወጣ፣ ባጃጅ ስትሳፈር፣ ሳሙና ልትገዛ ሱቅ ስትቆም ሰው እርስ በርሱ በክርን እየተጎሻሸመ «ይቺ ናት የመኝታዋ ልጅ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ፊቷ ቀልቶ አንገቷን ትደፋ ነበር። በኋላ ሰለቻትና ዞር እያለች «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ አንገት መድፋቱ የነሱ ተራ ሆነ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባንቺዓለም ከላሊበላ ብዙም ከማትርቀው ከፍላቂት የተወለደች የገብስ ገበሬ ልጅ ናት። ነርስ ሆና ሠርታለች፤ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመያዝ የቀራት የመመረቂያ ጥናቱ ብቻ ነበር። የመረጠችው ርእስ ግን አማካሪዋን ሳይቀር መነጽራቸውን አስወልቋቸዋል። ሙሽሮች በመጀመሪያዎቹ የትዳር ቀናት በመኝታ ጉዳይ የሚደርስባቸውን ጭንቀት፣ ጭንቀቱም በአእምሯቸው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጠናለሁ ብላ ተነሣች። ያውም በላስታ።

«ልጄ፣ ይህን በከተማ ብታጠኚው አይሻልም? በደጋው ማን አፉን ይከፍትልሻል?» አሏት አማካሪዋ።

«ከተማማ ሐኪም አለው» አለቻቸው።

እንዲህ እልህ ያስያዛት በነርስነቷ ጊዜ ያየችው አንድ ሙሽራ ነው። የሠርጉ ዳስ ሳይፈርስ የተባይ መድኃኒት ጠጥቶ ጤና ጣቢያ አመጡት። ተረፈ። ለምን እንደጠጣ ግን የጠየቀው ሰው የለም። «ታስሮ ነው» ተባለ፣ አለቀ። በዚያ አገር ሙሽራ በጫጉላው ካልሆነለት ጠላት አስማት አሠርቶበት ነው ይባላል። ሚዜዎቹ ከጫጉላው ደጅ ቆመው የምሥራቹን ይጠብቃሉ፤ የሙሽሪት ክብር የታየበት ጨርቅ ሲወጣ ነው ጭፈራው የሚደምቀው። ጨርቁ ካልወጣ ደጁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ባንቺዓለም ያን ጸጥታ ከውስጥ ሆኖ የሰማው ሰው ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለገች።

ከባምላክ ጋር የተገናኙት በስሕተት ነው። ቱሪስት የጠፋበት ጊዜ ነበርና አስጎብኚዎቹ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባንቺዓለም ኮፍያ ደፍታ፣ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አዝላ ስታልፍ አንድ ረዘም ያለ ጠይም ወጣት ብድግ ብሎ ተከተላትና ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በእንግሊዝኛ ያስረዳት ጀመር። አላቋረጠችውም። ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ድምፁም ደስ ይላል። ዝም ብላ እየሰማችው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄደች።

«ጨረስክ ወንድሜ?» አለችው ሲያበቃ። «ጎበዝ ነህ። እኔ ግን የፍላቂት ልጅ ነኝ።»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ባምላክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ይቅርታ እህቴ። ቦርሳሽ ነው ያሳሳተኝ።»

«ቦርሳዬን ይቅር ብዬዋለሁ። አንተ ግን ሻይ ትጋብዘኛለህ።»

ሻዩን እየጠጡ፣ መንገድ የሚያውቅና ገጠሩ የሚያምነው ሰው እንደምትፈልግ ነገረችው። እሱም የገነተ ማርያም ቄስ ልጅ እንደሆነ፣ ዲያቆን እንደነበረ፣ በኋላ ትቶት አስጎብኚ እንደሆነ አጫወታት። ለምን እንደተወው አልነገራትም። ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ስትነግረው ሻዩ ትን አለው። ስሎ ስሎ ሲያበቃ ብርጭቆውን አሽከረከረ።

«መንገዱን አሳይሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሰዉንም አናግርልሻለሁ። አንቺ ስታነጋግሪያቸው ግን እኔ አልገባም።»

«ብትለምነኝም አላስገባህም። የሚነግሩኝ ለኔ ብቻ ነው።»

«ለማንም አትናገሪም?»

«ለማንም።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ሥራው በሱ ምክንያት ተቃና። «የመምሬ ልጅ ካመጣት ደግ ሰው ትሆናለች» እያሉ አንድ ሁለት ሆነው ይመጡላት ጀመር። ብቻ የላስታ ሰው ጥናት ማለት ምን እንደሆነ የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። ለብቻህ ገብተህ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ለሰው የማይነገረውን ተናግረህ፣ ሰሚውም ላያወጣው ቃል ከገባ ይህ ንስሐ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ስለዚህ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያወሯታል። ሲጨርሱ ደግሞ ከወንበሩ አይነሡም።

«በይ እንግዲህ ቀኖናዬን ንገሪኝ» አላት አንድ ጎልማሳ ገበሬ።

«የምን ቀኖና?»

«ስግደት ነው ወይስ ጾም?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነርስ ነኝ። ስግደት አላዝም።»

ሰውዬው ክው አለ። «ኃጢአትህ ከቀኖና በላይ ነው በይኛ።»

ኃጢአት እንዳልሆነ ነገረችው። ሰው ሲደነግጥ አፉ እንደሚደርቀው፣ ጉልበቱ እንደሚከዳው ሁሉ ይህም ያው የፍርሃት ሥራ መሆኑን፣ ደጁ ላይ ቆመው እየጠበቁት ሰውነት እንዴት እሺ እንደሚል፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህንኑ የነገሯት ብዙ መሆናቸውን አስረዳችው።

«ሌላም ሰው አለ?» አለ ገበሬው ጋቢውን ከአፍንጫው ዝቅ አድርጎ።

«ሞልቷል።»

«እስቲ ሙት በይኝ።»

«ሙት።»

ሰውዬው ከልቡ ተነፈሰ። ሲወጣ ለባምላክ የመንገድ ስንቅ እንዲሆናቸው በሶ አስያዘው።

ባምላክ ሁልጊዜ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ማን ምን እንዳለ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ባንቺዓለም መጀመሪያ የወደደችለት ይህንን ነው። ቀጥሎ ደግሞ ቁልቁለት ሲሆን ፊት ፊቷ መውረዱን፣ ዳገት ሲሆን ወደ ኋላ መቅረቱን፣ ብትንሸራተት እንዲይዛት መሆኑን ሳይናገር። ሲደክማት ይገባውና የራሱን ጫማ ጠጠር የገባበት አስመስሎ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን ጫማውን አውልቆ ሲያራግፍ ምንም ጠጠር አልወጣም።

«ጠጠሩ የታለ?» አለችው።

«ደቀቀ» አላት ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላም ማንኛቸውም ተነሥተው መሄድ አልፈለጉም።

«እነዚህ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ አንድ አይደሉም» አለ ባምላክ ኋላ ላይ። «ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

«አዳምጣቸዋለሁ።»

«ብቻ?»

«ብቻ። አንተም የከበደህ ነገር ካለ…»

«የለም» አለ ቶሎ ብሎ። ተነሥቶም መንገድ ጀመረ።

ገነተ ማርያም የሄዱ ጊዜ ጤና ኬላው አንዲት ክፍል ለቀቀላት። የዚያን ዕለት ባምላክ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ጥምጥማቸው የነጣ፣ መስቀል የያዙ ሽማግሌ ቄስ ግራና ቀኙን አይተው ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«አዲስ ሙሽራ እንዳልሆንኩ ታዪኛለሽ» አሉ እንደ መሣቅ ብለው። «ግን ሰምቼሻለሁ። የድሮውንም ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ አባ።»

ስማቸውን አልጠየቀችም፤ ደንቡም አይደለም። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጀመሩ። በዲያቆንነታቸው ሲዳሩ በጫጉላው እንዳልሆነላቸው፣ ሚዜዎቹ ደጁን እየቆረቆሩ እንዳጣደፏቸው፣ የሁሉ አለቃ የነበረው ሚዜ ብልህ ሰው ስለነበረ በጓሮ በኩል ዶሮ አርዶ ጨርቁን እንደነከረው ነገሯት።

«ደጁ በእልልታ ቀለጠ። እኔና ባለቤቴ ውስጥ ቁጭ ብለን እንተያይ ነበር። በዚያ ጨርቅ ተከበርኩ ልጄ። በዚያ ጨርቅ ቀሰስኩ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ ሰዉ ሲተወን ጊዜ ሁሉም በጊዜው ሆነ። ልጆችም ወለድን። የኔ ነገር አይደለም ያመጣኝ።» መስቀላቸውን ካንዱ እጅ ወዳንዱ አዛወሩ። «ወንዱን ልጄን እንደኔው በዲያቆንነቱ በተክሊል ዳርኩት። እሱም አልሆነለትም። እሱ ግን ሚዜው ብልህ አልነበረም። እኔን ጠሩኝ። ከደጁ ቆሜ ‹ልጄ፣ አይዞህ፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ› ማለት ነበረብኝ። ‹ልጄ ታስሯል› አልኩ።»

«ለምን አባ?»

«ታስሯል ከተባለ ጥፋቱ የጠላት ይሆናል ብዬ ነዋ። ላድነው ብዬ። ልጁ ግን አመነኝ። እስከ ዛሬም የታሰረ ነው የሚመስለው።»

«ለንስሐ አባትዎ አልነገሩም?»

«የንስሐ አባቴ አብሮኝ ነው የሚቀድሰው። እንዴት ብዬ በየሰንበቱ ዓይኑን አየዋለሁ?» ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከወንበሩ አልነሣ አሉ። «ቀኖናዬስ?»

«እኔ ቀኖና የመስጠት ሥልጣን የለኝም አባ።»

አንገታቸውን ነቅንቀው ወጡ። ባንቺዓለምም ቄስ በሞላበት አገር የማን አባት ናቸው ሳትል፣ እንደ ሌላው ሁሉ በልቧ ዘግታ አስቀመጠችው።

በጥር፣ ለማርያም ንግሥ፣ ባምላክ ቤት ጠራት። «እናቴ እንግዳህን ካላየሁ ብላለች» አለ መሬት መሬት እያየ። ከታቦቱ መልስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ጠላ ይቀዳል። እናቱ ወይዘሮ ይማርሽ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሳሟት። ከመደቡ ላይ ደግሞ አባትየው መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ሊባርኳት ብድግ አሉ፣ ጥምጥማቸው የነጣ፣ መስቀላቸውን የያዙ።

ተያዩ። የመምሬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ባንቺዓለም ያ ታሰርኩ ብሎ ያመነ ልጅ ማን እንደሆነ ገባት። ከጎኗ ቆሟል። ድቁናውን ለምን እንደተወ፣ ሰው ስታነጋግር ለምን አልገባም እንዳለ፣ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ለምን ቶሎ እንደሚሰበስበው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት። ሽማግሌው ደግሞ እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ነፍሳቸው በሷ አንደበት ላይ ተንጠልጥላ ቆመዋል።

ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። «እንደምን ዋሉ አባ። ባንቺዓለም እባላለሁ። ዛሬ ስላየሁዎት ደስ ብሎኛል።»

መምሬ ትንፋሻቸው መለስ አለ። «እግዜር ይባርክሽ ልጄ» አሉ።

ድግሱ መልካም ነበር፣ አንዲት ጎረቤት «እሰይ እሰይ፣ ባምላክዬ፣ ሙሽራ ልታመጣልን ነው እንዴ?» እስክትል ድረስ። የሴትዮዋ ልጅ በክርኗ ጎሸመቻት።  ባምላክ ጽዋውን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣም። ራሴን አሞኛል ብሎ ላከ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሥራ አገኘሁ አለ። ቱሪስት በሌለበት ከተማ ምን ሥራ? ባንቺዓለም ብቻዋን ስትወጣና ስትወርድ ዳገቱ ድሮ ይህን ያህል ይረዝም ነበር ወይ እያለች ራሷን ጠየቀች። ትወደዋለች። ይህን ለራሷ ከተናገረች በኋላ መሸሽ አልሆነላትም፤ ሄዳ ከበረንዳው ላይ አስነሣችው።

ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አጠፋሁ?» አለችው።

«ምንም። ሌላ መንገድ መሪ ፈልጊ። ከኔ የተሻለ አለ።»

«መንገድ መሪ አይደለም ያጣሁት፤ አንተን ነው።»

ባምላክ ዓይኑን ጨፈነ። እንደጨፈነም ነገራት። ሠርጉን፣ ደጁን፣ የሚዜዎቹን ዝምታ፣ ሙሽሪቱ ወደ አባቷ ቤት መመለሷን፣ ቤተ ክህነቱ አጣርቶ ጋብቻውን ማፍረሱን። ልጅቱ ሌላ አግብታ ወልዳለች። የሱ ክህነት ቀረ።

«ብዙ ጸበል ተጠምቄአለሁ። አልተፈታሁም። አንቺን ደግሞ አላሳዝንም።»

«ባምላክ፣ እስራት የሚባል ነገር የለም። ስንቱን ሰው አነጋገርኩ። ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ይታከማል።»

«ይህን ለሁሉም ነው የምትዪው» አለ በለዘበ ድምፅ። «አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም። አንቺ ታጠኚዋለሽ፤ እኔ ግን እኖረዋለሁ። መታሰሬን ደግሞ ከማንም ሳይሆን ከአባቴ አፍ ነው የሰማሁት። አባቴ ዋሽቶ አያውቅም።»

ባንቺዓለም ከንፈሯን ነከሰች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ምላሷ ላይ ነበር። ግን የሷ አልነበረም፤ ሽማግሌው በሩን ዘግተው አደራ የሰጧት ነው። እሱን ብታወጣው ይህ ሰው ይድናል፣ ሌላው ሰው ይሞታል። ደግሞስ የአንዱን ምስጢር ላንዱ የምታወጣ ሴት ለማን ትታመናለች? እጁን ያዘች። አልነጠቃትም፤ አልጨበጣትምም።

«አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ» አለችው። «ከዚህ አገር እስክወጣ የትም እንዳትሄድ።»

«የት እሄዳለሁ?»

በማግሥቱ ገነተ ማርያም ወረደች። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከጥድ ሥር ብቻቸውን ዳዊት ይደግማሉ። ሲያይዋት ዳዊቱን ዘጉ።

«ነገርሽው?» አሉ ከሰላምታ በፊት።

«አልነገርኩትም አባ። ብሞትም አልነግረውም።»

«እንግዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

ባንቺዓለም ከፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ያኔ ቀኖናዬን ብለውኝ ነበር። ሥልጣኑ የለኝም ብዬ መለስኩዎት። አሁንም የለኝም። ግን ይዤልዎት መጥቻለሁ።»

ሽማግሌው ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ለልጅዎ ይንገሩት።»

ነፋሱ ጥዱን አንሿሿው። መምሬ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ስግደቱ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ዘመኑን ሁሉ አባቴ እውነተኛ ነው ሲል የኖረ ልጅ ነው። በስተርጅና ምን ብዬ ፊቱ ልቁም?»

«እኔ እወደዋለሁ አባ። ለራሴ ብዬም ነው የመጣሁት፤ አልደብቅዎትም። ግን እኔ ባልኖርም ይንገሩት።»

መምሬ ዳዊታቸውንም መልሰው አልከፈቱም። ባንቺዓለም መስቀል ተሳልማ ስትወጣ ይንገሩት አይንገሩት የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

እሑድ ወይዘሮ ይማርሽ ምሳ ብለው ጠሯት። ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ከቤቱ ደጃፍ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ከማዶ፣ ከጥዱ ሥር፣ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል። የሚሉት አይሰማም።

«ዛሬ ይነግረዋል» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ። «ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው።»

ባንቺዓለም ደንግጣ ዞር አለች። 

«አንቺማ አትናገሪም፤ ላንቺ መናገሩን ግን ነግሮኛል። ሙሽሪት እኔ አይደለሁ? ያን ሰሞን ከጥግ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ለራሴ አይደለም፤ ለዶሮዋ። የምትጥል ዶሮ ነበረች።»

ባንቺዓለም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች።

«ሳቂ፣ ይሣቃል። ያኔ ግን አልሣቅንም። ሰዉ ሁሉ ተበትኖ፣ ሥራ ሥራውን ይዞ፣ እኛን ሲረሳን ጊዜ ነው ሰው የሆንነው።»

«ታዲያ ለባምላክ ለምን አልነገሩትም እማማ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሳቡ። «የባሌ ምስጢር ነዋ። እሱ ቄስ ነው። እኔ በየት ገብቼ? ልጄ ሲከስል እያየሁ ዝም አልኩ። እሱም ሲከስል እያየ ዝም አለ። ተያይዘን ዝም አልን።»

ከማዶ ባምላክ ብድግ አለ። አባቱን ትቶ ወደ ቅጥሩ በር በረጅም እርምጃ ሄደ።  በሩን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ቆየ። መምሬ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ራሳቸው ከሩቅ ትንሽ መሰለ። ከዚያ ባምላክ ተመለሰ። ከአባቱ ጎን፣ እዚያው ድንጋይ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ድምፅ መጣ። ልቅሶ መስሏቸው ሁለቱም ሴቶች ወደ ፊት ተራመዱ።

ሳቅ ነበር። የባምላክ ሳቅ፣ ከዚያ የሽማግሌው፣ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው።

«ዶሮዋ ላይ ደርሰዋል» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ምሳ ሊያቀርቡ ገቡ።

ባምላክ አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ትከሻው ግን የሌላ ሰው ትከሻ ይመስል ነበር። ፊቷ ቆመ።

«ታውቂ ነበር።»

«ሰው የነገረኝን አልናገርም።»

«ጉብታው ላይ ስነግርሽም ታውቂ ነበር። እያየሽኝ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ» አለችው። «ከዚያ የከበደ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ብትቀየመኝ እውነትህን ነው።»

ባምላክ አያት። ተቀይሞ ነበር፤ አፉ ላይ ይታያል። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ገባውና ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ።

«ለአባቴ እንዲህ ከሆንሽ ለኔም እንዲሁ ነሽ ማለት ነው።»

«እንዲሁ ነኝ።»

ያን ጊዜ እጇን ያዘ። በዚህ ጊዜ ጨበጣት።

«እንግዲያው አንቺው አክሚኝ።»

«አይሆንም። ሐኪምህም ሚስትህም መሆን አልችልም። ወልድያ አንድ ጎበዝ ባለሙያ አለ፣ እሱ ዘንድ ትሄዳለህ።»

ባምላክ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «ሚስትህም አልሽ?»

«አልኩ» አለች ባንቺዓለም። አፍራ አንገቷን ልትደፋ ነበር፤ ተወችው።

ባምላክ ወልድያ ተመላልሶ ባለሙያውን አነጋገረ። መጀመሪያ ቀን ሲመለስ «ይህ ሰውዬም ያዳምጣል እንጂ ምንም አያደርግም» ብሎ አሳቃት። እሷም ጥናቷን ጨርሳ ተመረቀች። የመምሬን ታሪክ አላስገባችበትም፤ አማካሪዋን አነጋግራ፣ ቤተሰቧ የሚሆን ሰው ነው ብላ አስወጣችው። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ በሚቀጥለው ዓመት በጾሙ ወራት ከሙሽሮች አባቶች ጋር ቁጭ እያሉ ሲመክሩ ታዩ። ምን እንደሚሏቸው ባይሰማም፣ በዚያ ዓመት ገነተ ማርያም ከጫጉላ ደጅ የሚቆመው ሰው አነሰ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ፍላቂት ተደገሰ፣ ከዚያ ሙሽሮቹ ገነተ ማርያም ገቡ። ማምሻውን ሚዜዎቹ እንደ ልማዱ ወደ ጫጉላው ሲያዘግሙ ወይዘሮ ይማርሽ መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«እንደው ደጁ ላይ እማማ፣ ለወጉ…»

«ጠላው ያለው በዚያ ነው። ደጁ ላይ ጉዳይ የላችሁም። አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ባይ ዱላዬን ነው የማነሣው።»

ውስጥ ባምላክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ በሩ ሰጥቶ ነበር። ባንቺዓለም አየችው፤ ምንም አልጠየቀችውም። ብዙ ካዳመጠ በኋላ ተነሥቶ በሩን ከፈተው። ግቢው ባዶ ነው። ጭፈራው ከወዲያ ዳስ ይሰማል። ደጁ ላይ የጎረቤት ውሻ ብቻ ተኝቷል፤ ቀና ብሎ አየውና መልሶ ተኛ።

«ማንም የለም» አለ ባምላክ። እንደገና «ማንም የለም» አለና በሩን ተደግፎ ይስቅ ጀመር። እሷም ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ሙሽራ ተብለው በቅጡ አልበሉም ነበርና ከመሶቡ ላይ ያገኙትን ተሻሙ፤ ዘመዱን ሁሉ አንድ በአንድ አሙ። ከዚያ ድካሙ ጣላቸው። ባምላክ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገ፣ ከነካባው፣ እንቅልፍ ወሰደው። ነግቶ ሲወጡ ወይዘሮ ይማርሽ «ቁርስ ደርሷል» ብቻ አሉ። መምሬ ቀና ብለውም አላዩ፤ የበግ ቆዳ ሲያራግፉ ነበር። ሚዜዎቹ ራሳቸውን አሟቸው ተኝተዋል።

ከዚያም ቀን ቀንን እየተካ ሄደ። ዳሱ ፈረሰ፣ የተከራዩት ብርጭቆ ተመለሰ፣ ሰው ወደ እርሻው ገባ፣ ላሊበላም ሌላ የሚያወራው አገኘ። ከነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ማንም ልብ ባላለበት ቀን፣ ሁለቱ ባልና ሚስት ሆኑ። የገበያ ቀን ይሁን የበዓል፣ ይዝነብ ይባርቅ፣ እልል ያለ የለም፣ ጨርቅ ያየ የለም። የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። እኔም አልጠየቅኳቸውም።